የደጄ ጉልትና የተጣሉት እንስሳት

እህቶቼ፣ ሙስሊም እህቶቻችንም አብረዋችሁ እንደተቀመጡ ሲስተር ነግረውኛል። ከኋላዬ የሚጮኸው አውራ ዶሮ ነው። ስልኩን ይዤ ከቤት ጀርባ ብሄድም ተከትሎኝ መጥቷል፤ እንግዲህ ታገሱት።

ሲስተር ደውለው «ልጆቹ ከኮንትራት በኋላ ምን እንደሚሠሩ እያሰቡ ነው፤ አንቺ የምትሠሪውን ንገሪያቸው፣ ግን አታሳምሪው» አሉኝ። እኔም አላሳምረውም። እናንተ እዚያ እንዳላችሁ እኔም ቤይሩት 7 ዓመት አረብ ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ቢሾፍቱ ከከተማው ዳር፣ በእናቴ ግቢ ነው ያለሁት። በራችን ላይ ትንሽ ጉልት አለችኝ። እንቁላል፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ እሸጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በጠርሙስ የሞላሁት ከቢስ አወጣለሁ። በግቢው ውስጥ 25 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች፣ አንዲት የአበሻ ዶሮ፣ አሁን የምትሰሙት አውራ፣ ሁለት ፍየሎች፣ አንድ ውሻና አንዲት አህያ አሉ። ከአበሻዋ ዶሮና ከአውራው በቀር ሁሉም ሌላ ሰው በቃኝ ብሎ የጣላቸው ናቸው።

ከዶሮዎቹ ልጀምር፤ ቤቱን የያዙት እነሱ ናቸውና።

ቢሾፍቱ የዶሮ እርባታ አገር እንደሆነች ታውቃላችሁ። እርባታዎቹ የሚያመጧት የፈረንጅ ዶሮ በ5 ወሯ ገደማ መጣል ትጀምራለች። አንድ ዓመት ያህል ደህና ከጣለች በኋላ እንቁላሏ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የምትበላው መኖ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ዕድሜዋ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ሲጠጋ በጅምላ ትሸጣለች፤ አዲስ መንጋ ይገባል። እርባታውን አልወቅስም፤ ሺህ ዶሮ ለያዘ ሰው ሒሳቡ እንደዚያ ነው። እንደ እኔ 25 ለያዘ ሰው ግን ሌላ ነው። ያቺ «አርጅታለች» የተባለች ዶሮ በደንብ ከተያዘች ገና ሁለት ዓመት ያህል በየሁለት ቀኑ አንድ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ዋጋዋም ከቄብ ዶሮ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

እኔ የመጀመሪያዎቹን 10 በባጃጅ ነው ያመጣኋቸው። የመጡት ከሽቦ ሳጥን ነው። ላባቸው ተነጭቶ፣ አንገታቸው ቀልቶ፣ ጥፍራቸው ረዝሞ ነበር። መሬት ላይ ሳወርዳቸው ቆመው ቀሩ። አፈር መጫር አያውቁም፤ ቆጥ ላይ መውጣት አያውቁም፤ ፀሐይ ሲነካቸው ደነገጡ። እናቴ «ልጄ፣ ይሄ ዶሮ ነው ወይስ በሽተኛ?» አለች። አራት ቀን ያህል ማታ ማታ አንድ በአንድ አንስቼ ቆጥ ላይ አስቀመጥኳቸው። በሳምንታቸው አንዷ አመድ ውስጥ ገብታ ስትንከባለል አየሁ፤ ያ ቅማሏን የምታራግፍበት መንገድ ነው፣ ማንም አላስተማራትም። በሦስተኛው ሳምንት ላባ ማውጣት ጀመሩ። ላባ የምትቀይር ዶሮ ደግሞ እስከ ሁለት ወር እንቁላል ላትጥል ትችላለች፤ ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ተታለልኩ ብሎ ያርዳታል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ስሙኝ። የብሩን ዋጋ አልነግራችሁም፤ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ይህ መጽሔት እጃችሁ ሲገባ ውሸታም እሆናለሁ። እኔ የምቆጥረው በእንቁላል ነው። አንዲት ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። 25 ዶሮ 3 ኪሎ፣ በወር 90 ኪሎ ማለት ነው። ባሰላሁበት ሳምንት 1 ኪሎ የተዘጋጀ መኖ የሦስት እንቁላል ዋጋ ነበር። ስለዚህ ዶሮዎቼ በቀን 9 እንቁላል ይበላሉ። የሚጥሉት ደግሞ በአማካይ 12 ነው። የቀረው ስንት ነው? ሦስት። ለሦስት እንቁላል ብሎ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሳ የለም።

ስለዚህ መኖውን ግማሽ በግማሽ አደረግኩት። ግማሹ ከሱቅ የሚገዛው ነው፤ እሱን ሙሉ በሙሉ መተው አይቻልም፣ እንቁላሉ ይቆማል። ሌላው ግማሽ ፉርሽካ፣ የወፍጮ ቤት ጥራጊ፣ ትንሽ ፋጉሎ፣ የጎመንና የቆስጣ የውጭ ቅጠል፣ ጎረቤታችን ጠላ ስትጠምቅ ደግሞ ጥቂት አተላ ነው። የእንቁላሉን ቅርፊት ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጌ ፈጭቼ እመልስላቸዋለሁ፤ ቅርፊቱ የሚጠነክረው በእሱ ነው። የሻገተ እህል ግን በነፃ ቢሰጣችሁም አትንኩት፤ ሻጋታው ጉበታቸውን ይመርዛል። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊም እንዲሁ አይሰጥም። እንዲህ ሳደርግ የቀኑ ወጪ ወደ 5 እንቁላል ወረደ፤ 7 ይቀረኛል። በወር 210 እንቁላል። አትደሰቱ፣ ከዚያ ላይ ገና ክትባት፣ የሽቦ ጥገናና የአህያዋ ጭድ ይቀነሳል።

ክትባቱን ስላነሳሁ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከእናንተ መካከል ለወንድም ወይም ለእናት «ዶሮ ግዙበት» ብላችሁ ገንዘብ የላካችሁ አላችሁ፤ ከዚያ በአንድ ሳምንት «ሁሉም አለቀ» የሚል ስልክ የመጣላችሁም አላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚጨርሳቸው ፈንግል ነው። ዶሮዋ ትቆዝማለች፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ በጥቂት ቀን መንጋው ያልቃል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ አለ። ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መምጣት አለበት፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ደግሞ ይገድለዋል። እኔ ከጉድጓድ በተቀዳ ንጹሕ ውሃ በጥብጬ፣ ዶሮዎቹን ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክዬ፣ ጠዋት በብርድ እሰጣቸዋለሁ። የወረዳችን የእንስሳት ሐኪም ባዘዘልኝ መሠረት በየሦስት ወሩ ይደገማል። ስለዚህ ወንድማችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ «ስንት ዶሮ ትገዛለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ክትባቱን ማን ይሰጣል? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ገንዘቡ እዚያው ባንክ፣ በራሳችሁ ስም ይቀመጥ። አሥር ዶሮ ይዞ ስድስት ወር ላላሳየ ሰው የመቶ ዶሮ ገንዘብ አይላክም፤ ወንድም ቢሆንም፣ እንዲያውም ወንድም ስለሆነ።

አዲስ የመጣች ዶሮም በመጣችበት ቀን ከነባሮቹ ጋር አትቀላቀልም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆያለች። ማታ ማደሪያቸው ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሩ የሚቀረቀር መሆን አለበት። ቀን ጭልፊት አለ፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ አለ። ሸለምጥማጥ የጡጫ ስፋት ባላት ቀዳዳ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ አንዷን በልቶ አይወጣም፣ ሁሉንም አንገት አንገታቸውን ነው።

አሁን ወደ አህያዋ ልምጣ። ሲስተር ስሟን እንድናገር ፈቅደውልኛል። ስሟ ማዳም ነው። ታናሽ ወንድሜ ነው ያወጣላት። «ምንም አትሠራም፣ ትበላለች፣ አንቺ ታጥቢያታለሽ፣ ውሃዋ ትንሽ ከቆሸሸ አፍንጫዋን ታዞራለች» ብሎ። ሳቃችሁ ይሰማኛል! ስድብ አይደለም፤ ጥሩ ማዳም የነበረችኝም እኔ ነኝ። ግን ስሙ ተጣብቆ ቀረ።

ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት። ውሃው፣ እህሉ፣ ጭዱ፣ አሸዋው በእነሱ ጀርባ ነው የሚመጣው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ አራት ሲጫን 80 ኪሎ። አህያዋ ራሷ ከመቶ ኪሎ ብዙም ላትበልጥ ትችላለች። በደንብ የተያዘች አህያ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ መኖር ትችላለች፤ እኛ አገር ሸክም የምትውል አህያ ግን ግማሹን እንኳ ሳትደርስ ታልቃለች። ስታነክስ ወይም ጀርባዋ ሲቆስል መንገድ ዳር ትተዋለች። ቀሪውን ጅብ ይጨርሰዋል።

ማዳም ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነበረች። የኋላ እግሯ ሰኮና ሳይከረከም አድጎ እንደ ጫማ አፍንጫ ወደ ላይ ታጥፏል፤ ጀርባዋ ላይ መዳፌን የሚያህል ቁስል አለ። እዚህ ላይ እናንተ ርኅሩኆች ስለሆናችሁ ልንገራችሁ፤ የተጣለ የሚመስል እንስሳ ሁሉ ባለቤት የሌለው አይደለም። ዛሬ እያነከሰች ማንም የማይፈልጋት አህያ፣ ድና ሥጋ ስታወጣ ባለቤቷ ይመጣል፤ ያኔ ሌባ እናንተ ናችሁ። እኔ በመጀመሪያ ባለቤቱን አፈላለግኩ። ውሃ በመሸጥ የሚኖር ሰው ነው። «ውሰጃት፣ ለእኔ ሞታለች» አለ። ይህን ሁለት ሽማግሌና የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ባሉበት ወረቀት ላይ አስፈረምኩት። ጋሼ እያለ የሚጠራው አንደኛው ሽማግሌ «ለአህያ ውል?» ብለው ሳቁ፤ ፈረሙ ግን። ያለ ወረቀት ሥራ ምን እንደሚያመጣ እኔና እናንተ አንነጋገርም።

ሰውየውን ክፉ ሰው ነው ብዬ አልፈርድበትም። አምስት ልጆች አሉት፤ አህያዋ ካልሠራች ልጆቹ አይበሉም። ሐኪም ለማን እንደሚከፈልና የት እንዳለም አያውቅም ነበር። ቢሾፍቱ በእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ግቢ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የሚባለው ድርጅት ለአህዮች ሕክምና ሲሰጥ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቁስሉ ገና ትንሽ ሳለ ለብ ባለ ጨው ውሃ ቢታጠብ፣ ከጭነቱ በታች ወፍራም ንጹሕ ድርብ ቢደረግላትና ጥቂት ቀን ብታርፍ ኖሮ ይድን ነበር። ዕረፍት ነበር መድኃኒቷ።

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23ን ስትመለሱ ክፈቱና በሰባተኛው ቀን እነማን እንዲያርፉ እንደታዘዘ እዩ። በሬ አለ፣ አህያ አለ፤ ሰው ቤት ከምታገለግል ሴት የተወለደው አለ፤ ከሌላ አገር የመጣው እንግዳ አለ። እግዚአብሔር ሲቆጥር አህያዋንም አገልጋይዋንም አልዘለለም። በሊባኖስም በፈረንጆች 2009 ለቤት ሠራተኞች የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይላል። ውሉን ያላነበባችሁ ሲስተርን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ዛሬ እዚያ አዳራሽ ያልመጡት እህቶች ለምን እንዳልመጡ እኔ አልነግራችሁም፤ ታውቃላችሁ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ሊያመሰግነኝ ብሎ «አንቺም የተጣልሽ ስለነበርሽ ነው የተጣሉትን የምትሰበስቢው» ይለኛል። ይህን አባባል አልወደውም። እኔ አልተጣልኩም፤ ሠርቼ ነው የመጣሁት። በፈረንጆች 2020 በዚያ ቀውስ ጊዜ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው የሄዱት እህቶችም ቢሆኑ፣ ሻንጣቸውን ይዘው ያልተከፈለ ደመወዛቸውን የሚጠይቁ ሠራተኞች ነበሩ። ማዳም ደመወዝ የላትም፣ ጠበቃ አያስፈልጋትም። ጭድና ውሃ ነው የሚያስፈልጋት። ሁለቱን አንቀላቅል።

ማዳም በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ጭድ ትበላለች። ሰኮናዋ ተከርክሟል፣ ቁስሉ ድኗል፣ ግን እስከ ዛሬ ታነክሳለች፤ ሸክም አልጭንባትም። የምትሰጠኝ ፍጓን ነው። ከዶሮዎቹ ፍግ ጋር አድርጌ ሦስት ወር ያህል አበሰብሰዋለሁ። የዶሮ ፍግ ሳይበሰብስ ከተሰጠ አትክልቱን ያቃጥለዋል። የጎመኑ መደብ በእሱ ነው ያደገው። ለእሷ ጭድ ስገዛ እናቴ ታጉረመርማለች፣ ጎመን ስትቆርጥ ደግሞ ዝም ትላለች።

ለራሴ የደነገግኩት አንድ ሕግ ግን አለ። የማይከፍል አፍ በግቢዬ ከአራት አይበልጥም፤ አህያዋ፣ ሁለቱ ፍየሎችና ውሻው። ሰፈሩ ከሰማ በኋላ ልጆች ድመት በካርቶን ይዘው ይመጣሉ፣ ሌሊት በበሬ ቡችላ ጥለው የሚሄዱም አሉ። እምቢ እላለሁ። ሲከፋኝም እምቢ እላለሁ። አራቱን የሚያበሉት 25ቱ ዶሮዎች ናቸው፤ አምስተኛ ቢመጣ የሚራበው ከነባሮቹ አንዱ ነው። ውሻውንም ያስገባሁት ካስከተብኩት በኋላ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም በአገራችን ሰው ይገድላል። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ይህ ለየትም አገር ነው።

ሲስተር ጥያቄዎቻችሁን በድምፅ ልከውልኝ ነበር፤ ጥቂቶቹን ልመልስ።

«በጾም ጊዜ እንቁላሉን ማን ይገዛሻል?» ያለችው እህት ነጋዴ ናት፣ እግዚአብሔር ይባርካት። ይህ ሥራ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ላይ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ዶሮዋ አትጾምም፣ በየቀኑ ትጥላለች። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቼ ይገዙኛል፣ ግን አይበቃም። በጾም ጉልቴን የሚይዘው ጎመንና ቆስጣው ነው። የአበሻዋን ዶሮ የያዝኳትም ለዚህ ነው። የፈረንጅ ዶሮ መታቀፍ ረስታለች፤ አበሻዋ ግን ስትቆርጥ ማንም አያስነሳትም። በሁዳዴ መጀመሪያ ከአውራው ጋር ከዋሉት የተጣለ አንድ 12 እንቁላል አስታቅፋታለሁ። በ21 ቀን ይፈለፈላል። ከሚተርፉት ጫጩቶች ወንዶቹ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አውራ ዶሮ በስንት እንደሚሸጥ ታስታውሳላችሁ። በዓል ሲደርስ እንቁላሉም ይወደዳል። ዶሮ ወጥ 12 ብልት ከ12 እንቁላል ጋር ነውና አንዲት ባለቤት ብቻዋን ደርዘን ትወስዳለች።

ለገዢው እንቁላሉን ሳላጥብ ነው የምሸጠው፤ ሲታጠብ ቶሎ ይበላሻል። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ አብሳለሁ። የተጣለበትን ቀን በእርሳስ እጽፍበታለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ገዢ ቀኑን እያየ ይመርጣል። የተጠራጠረ ካለ ጣሳ ውሃ አጠገቤ አለ። ትኩሱ ከታች ይተኛል፣ የሰነበተው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የተበላሸው ይንሳፈፋል። ዱቤ እሰጣለሁ፣ ግን በደብተር፤ ከአሥር እንቁላል ያለፈ ዱቤ የለም፣ ለአክስቴም።

«ከቢሱስ?» ላልሽው፤ እሱ ከእናንተ ዘንድ የመጣ ነው። የማዳሜ እናት ናቸው ያስተማሩኝ፤ ተይታ እል ነበር። እዚያ በሽንብራ ቅጠል መጠን የማይሞላ ደመወዝ ስንቀበል የተማርነው ሙያ በሻንጣ አይመዘንም። እኔ ካሮት፣ አበባ ጎመን፣ ኪያርና ቃሪያ በጨው ውሃና በኮምጣጤ አድርጌ፣ አንድ ቁራጭ ቀይ ሥር ጣል አደርግበታለሁ፤ ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው እሱ ነው። የጾም ስለሆነ ሁዳዴ ላይ ይፈለጋል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሐይቆቹን ለማየት ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ይወስዱታል። ከእንቁላሉ ይልቅ ትርፍ ያለው እሱ ነው። ማዳማችሁ ወጥ ቤት ውስጥ የምታደርገውን በዓይናችሁ ያዙ።

«ዶሮዎቹ መጣል ሲያቆሙ ታርጃቸዋለሽ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ድምፁ ትንሽ የሚያዝን ነው። አዎ፣ እናርዳቸዋለን። እናቴ ለፋሲካ ትሠራዋለች፣ እኔም እበላለሁ። በግቢዬ ሁለት ዓመት በፀሐይ ውለው፣ በአመድ ተንከባለው ነው የሚሞቱት፤ ይህ ይበቃኛል። ቆም ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ። አህያዋ፣ ፍየሎቹና ውሻው ግን ለሕይወት ነው ያስገባኋቸው፤ እዚያ ላይ እናቴም አትከራከረኝም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። «ይህ ሥራ ተመልሼ እንዳልሰደድ ያደርገኛል ወይ?» ነው። እውነቱን ንገሪ ስለተባልኩ እናገራለሁ፤ ብቻውን አያደርግም። እኔ የቤት ኪራይ አልከፍልም፤ ግቢው የእናቴ ነው። ኪራይ ቢኖርብኝ ኖሮ በዚህ ጉልት አልኖርም ነበር። ከጉልቴ የሚገኘው የቤቱን አስቤዛ ይሸፍናል፤ የወንድሜን ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል፤ በወር ሁለት ጊዜ ዕቁብ እጥላለሁ። ከቤይሩት ይዤ የመጣሁት ገንዘብ ላይ አልደረስኩበትም፤ እሱ ሳይነካ ባንክ አለ። ይህ ነው ጥቅሙ። ስመለስ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሴቶች ያጠራቀሙት እንዴት እንደሚያልቅ አይቻለሁ፤ በዘመድ ብድር፣ በግብዣ፣ በየቀኑ ዳቦና ዘይት። እኔን ከደላላ ስልክ ያተረፈኝ ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ጠዋት ስነሳ ሰው ሳልለምን የማገኛቸው እነዚያ 7 እንቁላሎች ናቸው። ግቢ የሌላት እህት ግን በዚህ ወሬ ተነሳስታ ዶሮ እንዳትገዛ። ግቢ ያላት፣ ውሃ በቅርብ ያላት፣ እሷ ሳትኖር የሚያበላ አንድ የታመነ ሰው ያላት፣ በአሥር ትጀምር። እዚያ ሆናችሁ ማድረግ የምትችሉት አለ፤ ለእናታችሁ ደውሉና ግቢው በእርምጃ ስንት በስንት እንደሆነ፣ ጠዋት ፀሐይ የት እንደሚያርፍ፣ ቦኖው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ። በወረቀት ሳሉት። ሥዕሉን ስትልኩልኝ ማደሪያው የቱ ጋ ቢሆን እንደሚሻል እነግራችኋለሁ።

እሁድ ስለሆነ ጉልቱ ዝግ ነው። እንስሳት እሁድን አያውቁምና መኖውና ውሃው ግን አይቀርም፤ ማዳም አሁን በሩን በግንባሯ እየገፋች ነው። ድምፅ ልትልኩልኝ የምትፈልጉ ሲስተር ቁጥሬን ይሰጧችኋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው የምመልሰው፤ ከዚያ በፊት እጄ ፉርሽካ ውስጥ ነው።